ለመጀመሪያው የአደን ሳፋሪ ምን እናንብብ? ምን እንይ? የት እንለማመድ?

"ናሚቢያ ለአደን ልሄድ ነው፤ ምን ላንብብ? የትኛውን ቪዲዮ ልይ?" ይህ ጥያቄ በስልክም በቴሌግራምም ደጋግሞ ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ በአብዛኛው አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ናቸው። ጠመንጃ ይዘው ያውቃሉ፤ አንዳንዶቹም የአሜሪካን አጋዘን አድነዋል። አፍሪካ ውስጥ ግን አድነው አያውቁም። መልሱን ለየብቻ ከምሰጥ እዚህ ላስቀምጠው።

የሚነበብና የሚታይ ነገር ሞልቷል። የሚያስቸግረው መምረጡ ነው። ስለዚህ አንድ መመዘኛ ያዙ። የምትመርጡት መጽሐፍ፣ ኮርስ ወይም ቪዲዮ ከእነዚህ አራት ጥያቄዎች ቢያንስ አንዱን መመለስ አለበት፦ ሕጉ ምን ይላል? ፊቴ የቆመው እንስሳ የቱ ነው? የት ላይ ልተኩስ? እኔስ ከዚህ ርቀት መምታት እችላለሁ? አንዱንም ካልመለሰ ተዝናኑበት እንጂ ዝግጅት ብላችሁ አትቁጠሩት።

ምሳሌዬ ናሚቢያ ናት። ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው ኩዱ፣ ኦሪክስና ስፕሪንግቦክ የሚባሉትን አጋዘን መሰል እንስሳትና ከርከሮን ለማደን ነው፤ ለዚህ ደግሞ ናሚቢያ ትመቻለች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር። ስልክ ላይ ከመጻፍ ይሻላል፤ በረሃ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።
- የአደን ደህንነት ኮርስ የምስክር ወረቀት።
- የደቡባዊ አፍሪካ አጥቢ እንስሳት መለያ መጽሐፍ። የዱካ ሥዕልና እንስሳው የሚገኝበት ካርታ ያለው ይሁን።
- የእንስሳቱን አጥንት፣ ልብና ሳንባ የሚያሳይ የተኩስ ቦታ መጽሐፍ።
- ባለ ሦስት እግር የተኩስ ምርኩዝ።
- ባይኖኩላር።
- የጆሮና የዓይን መከላከያ፣ ባሩድ የሌለው የመለማመጃ የውሸት ጥይት፣ ብዛት ያለው የወረቀት ሰሃን።

ጊዜ ስጡት። ከጉዞው ስድስት ወር ቀድማችሁ ብትጀምሩ ጥሩ ነው። ንባቡ ቶሎ ያልቃል፤ የተኩስ ልምምዱና ወረቀቱ ግን ጊዜ ይበላሉ።

ደረጃ 1፦ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ጉዞውን ወስኑ

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አገሩን፣ ወሩን፣ የምታድኗቸውን እንስሳትና የምትይዙትን መሣሪያ ጻፉ። ለምሳሌ፦ "ናሚቢያ፣ ጁን፣ ኩዱ፣ ኦሪክስ፣ ስፕሪንግቦክ፣ ጠመንጃ።"

ለምን? ስለ አፍሪካ አደን ከተጻፈውና ከተቀረጸው ብዙው የሚያወራው ስለ ጎሽ፣ ዝሆንና አንበሳ ነው። ጀማሪው ያን አንብቦ ትልቅ ካሊበር ይገዛል። ጠመንጃው ትከሻውን ይመታዋል። ከዚያ ምላጩን ሊስብ ሲል ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል። ኩዱ ለማደን የሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። በደንብ የለመዱት 30-06 የሚባለው ካሊበር ይበቃል።

ወሩም ቢሆን በነሲብ አይመረጥም። የናሚቢያ የአደን ወቅት ከፌብሩዋሪ 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ጁንና ጁላይ እዚያ ዝናብ የሌለበት የብርድ ወቅት ነው። ሣሩ ደርቆ እንስሳው በቀላሉ ይታያል፤ በመሃል አገሩ ደጋ ላይ ግን ሌሊቱ እስከ ዜሮ ዲግሪ ይወርዳል። "አፍሪካ ሙቀት ነው" ብሎ በቲሸርት የሚሄድ ሰው ንጋት ላይ ክፍት መኪና ላይ ሲንቀጠቀጥ ራሱን ያገኘዋል።

ደረጃ 2፦ የደህንነት ኮርሱን በአካል ተማሩ

አሜሪካ ውስጥ በሁሉም ስቴት የአደን ትምህርት ፕሮግራም አለ። ብዙዎቹ በኦንላይን ይሰጡታል። ምርጫ ካላችሁ ግን የመስክ ቀን ያለውን ውሰዱ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሳፋሪ ላይ በሰልፍ ነው የሚሄደው። ከፊት ዱካ ተከታዩ፣ ቀጥሎ ፒኤች የሚባለው ባለሙያ አዳኝ፣ ከኋላው እናንተ። ጠመንጃ ይዛችሁ በእሾህ ውስጥ ስትሄዱ አፈሙዙ ወዴት ዞሯል? እሾህ ልብሳችሁን ሲይዘው እጃችሁ ወዴት ይሄዳል? ይህን ስክሪን አያስተምርም። አጠገባችሁ ቆሞ "አፈሙዙ!" የሚል አሰልጣኝ ያስፈልጋል።

ኮርሱን ስትመርጡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ጠመንጃ ይዞ በቡድን መሄድን ያለማምዳል? አጥርና ድንጋይ መሻገርን ያሳያል? ከዒላማው ጀርባ ያለውን ማየትን ያስተምራል? የመጨረሻው ናሚቢያ ላይ በጣም ያስፈልጋል። እንስሳት በመንጋ ይቆማሉ። አንዱን በስቶ ያለፈ ጥይት ከኋላ የቆመውን ያቆስላል፤ የሁለቱንም ዋጋ ትከፍላላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ አሜሪካ ውስጥ በጊዜያዊ ቪዛ ያላችሁ ሰዎች ተጠንቀቁ። የፌዴራሉ ሕግ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ጠመንጃም ጥይትም እንዳይዝ ይከለክላል። የተፈቀዱ ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ አንዱ የጸና የአደን ፈቃድ መያዝ ነው። ተኩስ ሜዳ ሄዶ ጠመንጃ መከራየትም እንደ መያዝ ሊቆጠር ስለሚችል፣ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያለው ሰው በዚህኛው ክልከላ ውስጥ አይገባም።

ደረጃ 3፦ ሕጉን ከምንጩ ውሰዱ፤ ዓመተ ምሕረቱን ሳታዩ አትመኑ

ስለ ሕግ ከጓደኛም ከቪዲዮም አትውሰዱ፤ ከእኔም ቢሆን አረጋግጡ። ለናሚቢያ ዋናው ምንጭ የአገሪቱ የአካባቢና የቱሪዝም ሚኒስቴር ነው። ቀጥሎ ናፋ የሚባለው የአገሪቱ የባለሙያ አዳኞች ማኅበር አለ፤ ደንቦቹን ለእንግዳ አዳኝ በሚገባ ቋንቋ ያስቀምጣል።

ዓመቱ ለምን ያስፈልጋል? ናሚቢያ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ የአሜሪካ ዜጎችን ጨምሮ ከብዙ አገሮች ቪዛ መጠየቅ ጀምራለች። ከዚያ በፊት የተጻፈ መመሪያ "ቪዛ አያስፈልግም" ብሎ ይነግራችኋል። ሌላ ምሳሌ የተራራ የሜዳ አህያ ነው። የኬፕ የተራራ የሜዳ አህያ የዱር እንስሳት ንግድን በሚቆጣጠረው የሳይትስ ስምምነት እጅግ ጥብቅ ከሆነው ዝርዝር ወደ ሁለተኛው የወረደው በ2016 ነው። ናሚቢያ ያለው ወንድሙ ሃርትማን ይባላል፤ እሱም በሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ነው። በሜዳው የሚኖረው ተራው የሜዳ አህያ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለጀማሪ ዓይን ሁለቱም ባለ መስመር አህያ ናቸው፤ ቆዳውን ወደ ቤት ለመውሰድ የሚጠየቀው ወረቀት ግን ለየቅል ነው።

ከሕጉ ውስጥ በቤታችሁ ልታሰሉት የምትችሉት አንድ ነገር አለ፤ የጥይት ጉልበት። ናሚቢያ ዝቅተኛውን ጉልበት በጁል ነው ያስቀመጠችው። ለስፕሪንግቦክ መሰል ትንንሽ እንስሳት 1350፣ ለኩዱ፣ ለኦሪክስና ለኢላንድ 2700፣ ለጎሽና ለዝሆን 5400። የአሜሪካ ጥይት ካርቶን ግን ጉልበቱን የሚጽፈው በፉት ፓውንድ ነው። ያን ቁጥር በ1.356 አባዙት።

ሞክሩት። 243 የሚባለው ካሊበር የተለመደ ባለ 100 ግሬይን ጥይት (ግሬይን የጥይቱ ክብደት መለኪያ ነው) ከአፈሙዝ ሲወጣ 1945 ፉት ፓውንድ ገደማ አለው። ሲባዛ 2637 ይሆናል። ለስፕሪንግቦክ ተርፎት፣ ለኩዱ ግን ከሕጉ በታች ነው። ባለ 180 ግሬይን 30-06 ደግሞ 2913 አካባቢ ነው፤ 3950 ጁል። አልፏል። ጠመንጃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ስሌት ደብተሩ ላይ ሥሩ።

የራሳችሁን ጠመንጃ የምትወስዱ ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት የአሜሪካ ጉምሩክ ቢሮ ጠመንጃውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ቅጽ 4457 አስመዝግቡ። ስትመለሱ የእናንተ መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው፤ እዚያም ፖሊስ ሊያየው ይፈልጋል። ሽጉጥ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለአደን አይፈቀድም። ጆሃንስበርግ ላይ ሻንጣ የምትቀበሉ ከሆነ የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ ቅጽ 520 ይጨመራል። በአየር መንገዶች የተለመደው የጥይት ገደብ በሰው 5 ኪሎ ነው። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አየር መንገዱን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አትማችሁ ያዙ።

ለመጀመሪያ ጉዞ የእኔ ምክር ከሳፋሪ ድርጅቱ ጠመንጃ መከራየት ነው። ከዚህ ሁሉ ወረቀት ትድናላችሁ። የሚያከራዩትን ካሊበር ቀድማችሁ ጠይቁና ቤታችሁ በዚያው ካሊበር ተለማመዱ።

ደረጃ 4፦ የተኩስ ቦታ መጽሐፍን አጥንት በማሳየቱ መዝኑት

ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡት እዚህ ላይ ነው። አንድ መጽሐፍ ብቻ የሚገዛ ሰው ካለ ይህኛውን ይግዛ።

የአሜሪካን አጋዘን ያደነ ሰው "ከትከሻው ጀርባ" መተኮስ ለምዷል። የአፍሪካ እንስሳት ልብና ሳንባ ግን ወደ ፊትና ወደ ታች ያዘነብላል፤ የትከሻው አጥንት ይሸፍነዋል። በለመዱት ቦታ ከተኮሱ ጥይቱ የሳንባውን ጫፍ ወይም ሆድ ያገኛል። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ዱካ ፍለጋ ነው፤ እንስሳውም ይሰቃያል።

ኦሪክስን ቀረብ ብለን እንየው፤ የእኛው አገር ሳላ ዘመድ ነው። ከጎን ሲታይ ከትከሻው በላይ ጀርባው ከፍ ይላል። ያ ከፍታ ሥጋና ከአከርካሪው ወደ ላይ የወጡ ረጃጅም አጥንቶች ናቸው፤ ሳንባ የለበትም። ጀማሪ የእንስሳውን ቁመት ለሁለት ከፍሎ መሃሉ ላይ ያነጣጥራል፤ ስለዚህ ጥይቱ ከፍ ይላል። እነዚያ አጥንቶች ሲመቱ ኦሪክሱ መብረቅ እንደመታው ይወድቃል። ሰውየው ጠመንጃውን አውርዶ መጨባበጥ ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ እንስሳው ተነስቶ ይሮጣል። የደነገጠው ነርቩ እንጂ ልቡም ሳንባውም አልተነካም።

ትክክለኛው ቦታ ይህ ነው። እንስሳው ሙሉ በሙሉ በጎን ሲቆም የፊት እግሩን መሃል ይዛችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከደረቱ በታች ካለው መስመር የሰውነቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ከፍ ስትሉ ቁሙ። እዚያ ነው።

መጽሐፉን ስትመርጡ እነዚህን ፈልጉ፦

- ቆዳውን "ገልጦ" አጥንት፣ ልብና ሳንባ በአንድ ሥዕል ላይ ያሳያል?
- በጎን ብቻ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ከፊል ዞሮና ከፊል ጀርባ ሰጥቶ ሲቆምም ያሳያል?
- "በዚህ አቋም አትተኩሱ" የሚል ገጽ አለው?
- እንስሳው ሲመታ የሚያሳየውን ሁኔታና ቀጥሎ የሚደረገውን ይገልጻል?

ክብ ምልክት በፎቶ ላይ ብቻ የሚያስቀምጥ መጽሐፍ አይጠቅምም። እንስሳው ትንሽ ሲዞር ክቡ ከቦታው ይወጣል፤ አጥንቱን ያወቀ ሰው ግን ቦታውን በአእምሮው ያዞረዋል።

ደረጃ 5፦ መለያ መጽሐፉን በዓይን አጥኑ

ፆታን መለየት ትልቅ ጉዳይ ነው። ኩዱ ላይ ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው። ኦሪክስ ግን ሁለቱም ቀንድ አላቸው፤ እንዲያውም የሴቷ ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ወንዱ የሚለየው በቀንዱ ሥር ውፍረት ነው። ረጅም ቀንድ አይቶ "ወንድ ነው" የሚል ሰው ይሳሳታል።

በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ፎቶ ክፈቱ፣ በሦስት ሰከንድ ውስጥ ስሙንና ፆታውን ተናገሩ፣ ከዚያ መልሱን እዩ። እዚያም የምታገኙት ጊዜ ከዚህ ብዙ አይበልጥም።

ደረጃ 6፦ ቪዲዮን ድምፁን አጥፍታችሁ እዩ

ዩቲዩብ ላይ ያለው አብዛኛው የአደን ቪዲዮ የተቆረጠ ነው። ሦስት ሰዓት የተሄደው መንገድ የለም። ያመለጠው የለም። ቆስሎ የተፈለገውም የለም። ያን ብቻ ያየ ሰው እዚያ ሲደርስ ትዕግስት ያጣል።

ዱካ ፍለጋውን፣ ነፋስ መለካቱን፣ "አይሆንም፣ እንተወው" የተባለበትን ጊዜ ሳይቆርጥ የሚያሳየውን ምረጡ። እንስሳው ሲቆም ቪዲዮውን አቁሙና ጣታችሁን የምትተኩሱበት ቦታ ላይ አድርጉ። ከዚያ አስኪዱት። ተኳሹ ከእናንተ ሌላ ቦታ ከመረጠ ደረጃ 4 ላይ ያለውን መጽሐፍ ገልጣችሁ ማን ትክክል እንደሆነ ፈትሹ። የጠመንጃ ወይም የስኮፕ ማስታወቂያ የሆነውን እለፉት።

ደረጃ 7፦ ከጠረጴዛ ላይ ውረዱ

ተኩስ ሜዳ ላይ ጠረጴዛ ተደግፎ መምታት ጠመንጃውን ለማስተካከል ነው። ናሚቢያ ላይ ጠረጴዛ የለም። ፒኤቹ ባለ ሦስት እግር ምርኩዝ ያቆምላችኋል፤ ቆማችሁ፣ እያለከለካችሁ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ትተኩሳላችሁ።

ስለዚህ አሰልጣኝ ስትመርጡ "ከምርኩዝ ላይ ቆሞ መተኮስ ታለማምዳለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። የማይፈቅድ ተኩስ ሜዳ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ልምምዱ እንዲህ ነው፦

1. 30-06ን ከጠረጴዛ ላይ 100 ያርድ ላይ 2 ኢንች ያህል ከፍ እንዲል አስተካክሉት። እስከ 200 ያርድ ድረስ ሳትጨነቁ መሃል ላይ ታነጣጥራላችሁ።
2. ቤት ውስጥ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። ጥይት ሌላ ክፍል ይቀመጥ። በመለማመጃው የውሸት ጥይት፣ ጠመንጃውን ምርኩዙ ላይ ማሳረፍና ምላጭ መሳብ ተለማመዱ። ወጪ የለውም፤ ዓይን የመጨፈን ልማድን ያስቀራል።
3. ተኩስ ሜዳ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ሰሃን 100 ሜትር ላይ ስቀሉ። ቆማችሁ ከምርኩዝ ላይ አስር ጊዜ ተኩሱ።
4. አስሩም ሰሃኑ ላይ ካረፉ ወደ 150 ሜትር ሂዱ። አንዱ እንኳ ከሳተ እዚያው ቆዩ።

አስሩም ያረፉበት የመጨረሻ ርቀት የእናንተ ገደብ ነው። ደብተሩ ላይ ጻፉትና የመጀመሪያው ቀን ለፒኤቹ ንገሩት። ያወቀ ፒኤች ደስ ይለዋል፤ በዚያ ልክ ያቀርባችኋል።

ደረጃ 8፦ የጤና መረጃውን ከጉዞ ክሊኒክ ውሰዱ

የናሚቢያ ሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ ወባ አለበት፤ ዊንድሁክ የለም። ስለዚህ ለሐኪሙ "ናሚቢያ" ብቻ አትበሉ፤ የምታድኑበትን አካባቢ ስም ንገሩት። ስለ መዥገር ንክሻ ትኩሳትም ጠይቁ።

በመንገድ ላይ አዲስ አበባ ገብታችሁ ቤተሰብ የምትጠይቁ ከሆነ ቢጫ ካርድ ግዴታ ነው። ናሚቢያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች የሚመጣን፣ ወይም በእነዚያ አገሮች አውሮፕላን ማረፊያ ከ12 ሰዓት በላይ የቆየን መንገደኛ ካርዱን ትጠይቃለች። ኢትዮጵያ ከእነዚያ አገሮች አንዷ ናት። ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት አይሆንም።

ደረጃ 9፦ ድርጅቱንም እንደ መምህር ጠይቁት

ጥሩ የሳፋሪ ድርጅት ጥያቄ አይሰለቸውም። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን በጽሑፍ ጠይቁ፦ የሚመራኝ ባለሙያ የናሚቢያ ምዝገባ አለው? የአደን ፈቃዱን በስሜ መቼ ታወጣላችሁ? የተለመደው የተኩስ ርቀት ስንት ነው? የቆሰለ እንስሳ ካልተገኘ እከፍላለሁ? የመጨረሻው መልስ አብዛኛውን ጊዜ "አዎ" ነው፤ ደም ከታየ ይከፈላል። ባለፈው ወቅት የሄዱ ደንበኞችን አገናኙኝ በሉ። እነሱንም "ያልተሳካው ምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ስለ ጥሩው ሳትጠይቁም ያወራሉ።

ምግቡንም አንሱት። ከርከሮና የሜዳ አህያ የማይበላ ሰው ብዙ ነን። ጾምም ሊገጥም ይችላል። ቀድሞ ከተነገራቸው ማብሰያ ቤቱ ይዘጋጃል። ያደናችሁት ሥጋ አይባክንም፤ እርሻው ላይ ይበላል፣ ይሸጣል ወይም ለአካባቢው ሰው ይሰጣል።

ጉዞው ወደ ኢትዮጵያ ከሆነ

መመዘኛው ያው ነው፤ ምንጩ ይለወጣል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999ን እና ደንብ ቁጥር 163/2000ን፣ ከተተኩም አዲሶቹን፣ ከነጋሪት ጋዜጣ አንብቡ፤ በአማርኛ ስለሆነ ሰበብ የለም። የሚመለከተው መሥሪያ ቤት የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ አይታደኑም። የደጋ አጋዘን የሚገኘው ባሌና አርሲ ተራሮች ላይ ነው፤ ስለዚህ ንባባችሁ ውስጥ ከፍታ፣ ብርድና ዳገት ይግባ፣ ልምምዳችሁም ውስጥ ደረጃ መውጣት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት

- ስለ ጎሽ አንብቦ ለኩዱ መሄድ።
- የጥይት ሠንጠረዥ በቃል እየያዙ የእንስሳውን አጥንት አለማየት።
- ጠረጴዛ ላይ በተመታ ውጤት መተማመን።
- የታተመበት ዓመት የሌለው የሕግ መረጃ መቀበል።
- አዲስ ጫማ ለጉዞው ማስቀመጥ። አሁኑኑ አድርጋችሁ ሂዱበት፤ እግሩ የላጠው ሰው ዱካ አይከተልም።
- እንስሳው ሲወድቅ ጠመንጃ ማውረድ። ሌላ ጥይት አስገብታችሁ፣ ፒኤቹ "በቃ" እስኪል ድረስ በስኮፑ እያያችሁ ጠብቁ። የቆሰለ ኦሪክስን ከፊት አትቅረቡ፤ ቀንዱ ይገድላል።

ከመብረራችሁ ሁለት ሳምንት በፊት

ደብተሩን ዝጉና ለሌላ ሰው ጮክ ብላችሁ መልሱለት። ጥይቴ ስንት ጁል ነው? ወንዱን ኦሪክስ በምን እለየዋለሁ? ፊት ለፊት ቢቆምስ የት ላይ ነው? ገደቤ ስንት ሜትር ነው? ከተኮስኩ በኋላ መጀመሪያ የማደርገው ምንድን ነው? የተሰናከላችሁበት ጥያቄ ካለ ወደዚያ ደረጃ ተመለሱ፤ ሁለት ሳምንት ለአንድ ወይም ለሁለት ክፍተት ይበቃል። ከሁለት በላይ ከሆነ ግን ለድርጅቱ ዛሬውኑ ደውሉና የመጀመሪያውን ቀን ለልምምድ እንዲመድብላችሁ ጠይቁ።